አውራ አምባ፡- መሬት ያጠረው ማኅበረሰብ በሸማ ሥራ የቆመበት ተሞክሮ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው የአስፋልት መንገድ የደራ ወረዳዋን ሐሙሲት ከተማ አልፎ ሰፊውን የፎገራ ሜዳ በማቋረጥ ወረታ ከተማ ይደርሳል። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ በሚገነጠለው መንገድ ጥቂት ከተጓዙ በኋላ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ አውራ አምባ ትገኛለች። በአማራ ክልል በደቡብ ጎንደር ዞን በፎገራ ወረዳ የምትገኘው ይህች አነስተኛ የገጠር መንደር ከባሕር ዳር ያላት ርቀት 73 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

የአውራ አምባ ማኅበረሰብ በአገር ውስጥም ሆነ በውጭ አገር ይበልጥ የሚታወቀው በሴቶችና በወንዶች እኩልነት፣ በሕፃናት መብት አጠባበቅና በአረጋውያን እንክብካቤ ነው። ይሁን እንጂ እነዚህ መርሆዎች በየዕለቱ በተግባር የሚታዩበትና ለብዙ ዓመታትም የገቢ መሠረት ሆኖ ያገለገለው መስክ የሸማ ሥራ ነው። መንደሯ ሽመናን የያዘችው ከአያት ቅድመ አያት የተላለፈ ሙያ ስለነበረ አይደለም፤ የእርሻ መሬት በማጣቷ ነው። ከዚህ የተነሣ የአውራ አምባ ተሞክሮ የመሬት እጥረት ባለባቸው አካባቢዎች ከእርሻ ውጭ የሆነ ሥራ እንዴት ሊለመድና ሊጸና እንደሚችል ለሚያጠኑ ባለሙያዎችና የሥራ ኃላፊዎች ትምህርት የሚሰጥ ሆኖ ይገኛል።

የመሥራቹ የሕይወት ጉዞ

የማኅበረሰቡ መሥራች ክቡር ዶክተር ዙምራ ኑሩ የተወለዱት በ1930ዎቹ መጨረሻ በደቡብ ጎንደር እስቴ ወረዳ ከአንድ አርሶ አደር ቤተሰብ ነው። መደበኛ ትምህርት የመማር ዕድል አላገኙም። በተለያዩ ጊዜያት ስለ ሕይወታቸው ሲያስረዱ እንደቆዩት ለሐሳባቸው መነሻ የሆነው ገና በሕፃንነታቸው በቤታቸው ውስጥ ያስተዋሉት የሥራ ክፍፍል ነው። እናታቸው ከአባታቸው ጋር እኩል በእርሻ ሲደክሙ ውለው ማታ ቤት ሲገቡ አባት ያርፋሉ፤ እናት ግን እህል መፍጨት፣ ምግብ ማብሰል፣ ልጆችን መንከባከብና የባላቸውን እግር ማጠብ ይጠብቃቸዋል። ሥራው ከዘገየ ደግሞ ቁጣውና ተግሣጹ በእናት ላይ ይወርዳል።

ሕፃኑ ዙምራ ይህ ለምን እንደሚሆን ደጋግመው ይጠይቁ ነበር። የተለያየ እምነት ያላቸው ጎረቤታሞች በአንድ ማዕድ ለምን ሥጋ እንደማይበሉ፣ አቅም ያጡ አረጋውያን ለምን ጧሪ እንደሚያጡ፣ ሕፃናት ከጉልበታቸው በላይ ለምን እንደሚሠሩም ይጠይቁ ነበር። ጥያቄዎቹ ለዘመኑ እንግዳ ስለነበሩ የቅርብ ቤተሰቦቻቸው ሳይቀሩ የአእምሮ ሕመም እንዳለባቸው አድርገው ቆጥረዋቸው እንደነበር ይነገራል። በ13 ዓመታቸው ከቤት ወጥተው ሐሳባቸውን የሚጋራ ሰው ፍለጋ ለዓመታት ከቦታ ቦታ ተንከራተዋል። ወደ ትውልድ ቀያቸው ከተመለሱ በኋላም አርሰው ቤተሰብ እያስተዳደሩ የእርሻ ሥራ ጋብ በሚልበት ወቅት ወደ ፎገራ አካባቢ እየተጓዙ ሐሳባቸውን ለአርሶ አደሮች ያስረዱ ነበር።

በ1964 ዓ.ም. ሐሳባቸውን ከተቀበሉ ጥቂት አርሶ አደሮች ጋር በመሆን የአውራ አምባን ማኅበረሰብ መሠረቱ። የማኅበረሰቡ አባላት በፈጣሪ የሚያምኑ ቢሆኑም በመንደራቸው የተለየ የአምልኮ ሥፍራ አልሠሩም። ይህም ሆነ በሴቶችና በወንዶች የሥራ ድርሻ ላይ የያዙት አቋም ከአካባቢው ነዋሪዎች ጋር ለረጅም ጊዜ አላግባባቸውም ነበር። በኋላ ግን የእህል ወፍጮው፣ ትምህርት ቤቱና ሌሎች አገልግሎቶች ለጎረቤት ቀበሌዎች ጭምር በመዋላቸው ግንኙነቱ እየተሻሻለ መጥቷል።

ፊደል ያልቆጠሩት መሥራች ለማኅበራዊ ለውጥ ላበረከቱት አስተዋጽኦ ከጅማ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ዲግሪ ተሰጥቷቸዋል። በሕዝብ ፊት በሚታዩበት ጊዜ ሁሉ ከራሳቸው የማይለየው አረንጓዴ ቆብም የማንነታቸው መለያ ሆኖ በአገሪቱ በሰፊው ታውቋል።

ከእርሻ ወደ ሸማ

ማኅበረሰቡ በተመሠረተበት ወቅት አባላቱ እንደማንኛውም የአካባቢው ነዋሪ በእርሻ የሚተዳደሩ ነበሩ። የኑሯቸውን አቅጣጫ የለወጠው በደርግ ዘመን የደረሰባቸው መፈናቀል ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ አካባቢው የጦርነት ቀጣና በሆነበት ጊዜ፣ የመንግሥቱን ተቃዋሚዎች ትደግፋላችሁ በሚል ተጠርጥረው ለሕይወታቸው በመሥጋት መንደራቸውን ለቀው ወደ ደቡብ የአገሪቱ ክፍል፣ ወደ ቦንጋ አካባቢ ተሰደዱ። በ1985 ዓ.ም. ሲመለሱ ቀድሞ ያርሱት የነበረው መሬት በሌሎች ተይዞ ጠበቃቸው። በመጨረሻ የቀረላቸው 17 ነጥብ 5 ሄክታር ያህል ብቻ ነበር።

የፎገራ ሜዳ በርብና በጉማራ ወንዞች የሚታጠብ፣ ወደ ጣና ሐይቅ የሚያዘነብል ለም መሬት ነው። በፎገራ የከብት ዝርያ የታወቀ ሲሆን ከ1970ዎቹ ጀምሮ ደግሞ ሩዝ የሚመረትበት ዋነኛ የአገሪቱ አካባቢ ሆኗል። በዚህ ሁሉ ልማት መካከል የምትገኘው አውራ አምባ ግን ያላት መሬት ለመኖሪያ፣ ለትምህርት ቤትና ለአገልግሎት መስጫ ተቀንሶ ሲታይ ለጥቂት መቶ ነዋሪዎች ቀለብ የሚበቃ አልነበረም። አባላቱ የነበራቸው ምርጫ መበተን ወይም መሬት የማይጠይቅ ሥራ መያዝ ነበር። ማኅበረሰቡ ሁለተኛውን መረጠ።

ሽመና ለዚህ የተመቸበት ምክንያት በርካታ ነው። የሚጠይቀው መነሻ ገንዘብ አነስተኛ ነው። የሸማኔው ዕቃ በአካባቢ ከሚገኝ እንጨት ሊሠራ ይችላል። ሥራው ክረምት ከበጋ አይቋረጥም። ምርቱ አይበላሽም፤ ገበያ እስኪገኝ በሣጥን ይቀመጣል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሥራው በብዙ ደረጃዎች የተከፋፈለ በመሆኑ አረጋዊውም፣ ነፍሰ ጡሯም፣ አካል ጉዳተኛውም እንደየአቅሙ የሚይዘው ድርሻ አያጣም። ይህ የመጨረሻው ባሕርይ ሁሉም ሰው እንደ አቅሙ እንዲሠራ ከሚሻው የማኅበረሰቡ መርህ ጋር የሚጣጣም ነበር።

አንድ ነጠላ እስኪደርስ

የሸማ ሥራ ምን ያህል ድካም እንደሚጠይቅ ለመረዳት ሂደቱን ከመነሻው መመልከት ያስፈልጋል። ጥጡ ከተለቀመ በኋላ መጀመሪያ ይዳመጣል። ይህም ጥጡን በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አድርጎ በብረት መዳመጫ እያንከባለሉ ፍሬውን ከጥጡ የመለየት ሥራ ነው። የተዳመጠው ጥጥ በደጋን ተነድፎ ይፍታታና ባዘቶ ይሆናል። ባዘቶው ደግሞ ለእጅ በሚመች መጠን ተጠቅልሎ አመልማሎ ይወጣዋል።

ቀጥሎ ያለው ፈትል ነው። ፈታይዋ እንዝርቱን በአንድ እጇ ጭኗ ላይ አሽከርክራ በሌላው እጇ አመልማሎውን ከፍ አድርጋ ትስባለች፤ ጥጡ እየተገመደ ክር ይሆንና በእንዝርቱ ላይ ይጠመጠማል። ሲሞላ ልቃቂት ይባላል። ለድር የሚሆነው ክር ጠንከር ብሎ መገመድ ይኖርበታል፤ በሸማኔው ዕቃ ላይ ተወጥሮ የሚውለው እርሱ ነውና። ለማግ የሚሆነው ግን ላላ ብሎ ሊፈተል ይችላል፤ ለሸማው ልስላሴና ሙቀት የሚሰጠውም ይኸው ነው። በአሁኑ ጊዜ በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ድሩ ከፋብሪካ በሚገዛ ክር፣ ማጉ ደግሞ በእጅ ፈትል የሚሠራ ሸማ እየተለመደ የመጣው የእጅ ፈትል ድር ብዙ ጊዜና ብዙ ትዕግሥት ስለሚፈልግ ነው።

ድሩ ከተዘረጋና ከተለካ በኋላ እንዳይበጠስ ከዱቄት በተዘጋጀ ቀጭን ሙቅ ተለቅልቆ ይደርቃል። ከዚያም በሸማኔው ዕቃ ላይ ይወጠራል። በባህላዊው አሠራር ሸማኔው በተቆፈረ ጉድጓድ አፋፍ ተቀምጦ እግሩን ወደ ውስጥ ይሰድና ሁለቱን መርገጫዎች እያፈራረቀ ይረግጣል። በእያንዳንዱ እርግጫ የድሩ ግማሽ ከፍ፣ ግማሹ ዝቅ ይላል። በመካከሉ በሚከፈተው ክፍተት ማግ የያዘው መወርወሪያ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ይወረወራል፤ ወዲያው የገባው ማግ ወደ ሸማው ጠጋ ተደርጎ ይመታል። ሸማው ርዝመቱ እስኪሞላ ይህ እንቅስቃሴ ሳያቋርጥ ይደጋገማል።

በእጅ በሚወረወር መወርወሪያ የሚሠራ ሸማ ስፋቱ ሸማኔው እጁን ሊዘረጋ ከሚችልበት መጠን አያልፍም። ነጠላም ሆነ ጋቢ ሁለት ስፋት ጎን ለጎን ተጋጥሞ የሚሰፋው ለዚህ ነው። ከመሬት ከፍ ባለ የእንጨት ማዕቀፍ የተሠራና መወርወሪያው በገመድ ተስቦ የሚወነጨፍበት የተሻሻለ የሽመና ዕቃ ግን ሰፊ ጨርቅ ለመሥራት ያስችላል፤ ፍጥነትም ይጨምራል። ለወገብና ለእግር የሚሰጠው ምቾትም ከጉድጓዱ የተሻለ ነው። በአውራ አምባ የሽመና አዳራሽ ከባህላዊው ዕቃ በተጨማሪ ይህ የተሻሻለው ዓይነት ጥቅም ላይ ውሏል። በመሆኑም ከጋቢና ከነጠላ ሌላ የአልጋ ልብስ፣ የጠረጴዛ ልብስ፣ ሻርፕና በልዩ ልዩ ቀለማት የተሠሩ ጨርቆች ለገበያ ለማቅረብ ተችሏል።

በሽመናው የሚወጣው ልብስ በኅብረተሰቡ ውስጥ ያለው ትርጉምም የላቀ ነው። ነጠላ በሁለት ድርብ፣ ጋቢ በአራት ድርብ ይሠራል፤ ቡሉኮ ደግሞ ለብርድ የሚሆን ወፍራም ልብስ ነው። ነጠላ በደስታና በኀዘን አለባበሱ ይለያያል፤ ለኀዘን ሲሆን ጥለቱ ወደ ፊት ተመልሶ አንገት ሥር ይውላል። ሸማኔ የሚሠራው ልብስ ብቻ ሳይሆን ሰው ለሰው ያለበትን ሁኔታ የሚናገርበት ምልክት ጭምር ነው።

የተናቀ ሙያ፣ የማይቆጠር ድካም

ይህን የመሰለ ሙያ ለብዙ ዘመናት ክብር ሳያገኝ ቆይቷል። በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል መሬት ያለው አርሶ አደር የተከበረ ሲሆን ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋና ፋቂው ግን በሙያቸው ይሰደቡ ነበር። በጎንደር አካባቢ የሽመና ሥራ በአብዛኛው የሚከናወነው የመሬት ባለቤትነት መብታቸው በተገደበባቸው የሙስሊምና የቤተ እስራኤል ማኅበረሰቦች ነበር። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማውጣታቸው ችግሩ በዚያን ዘመን የመንግሥትን ትኩረት የሳበ እንደነበር ያሳያል። አዋጁ ቢወጣም ንቀቱ ወዲያው አልጠፋም። ሁሉም የሸማኔውን ነጠላ እየለበሰ ሸማኔውን ሲያቃልል ኖሯል።

ከዚህ ሌላ በሙያው ውስጥ ራሱ የተደበቀ ሁለተኛ ችግር አለ። በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ጥጥ መዳመጥና መፍተል የሴት፣ መሸመን የወንድ ሥራ ተደርጎ ተወስዷል። አንድ ሸማኔ በቀን የሚጨርሰውን ማግ ለመፍተል ከአንድ በላይ ፈታይ ያስፈልጋል። ይህም ማለት በአንድ ሸማ ውስጥ ካለው ድካም የሚበዛው የፈታይዋ ነው። ነገር ግን ሸማው ተጠናቆ ገበያ የሚወጣው በሸማኔው እጅ በመሆኑ ገንዘቡን የሚቀበለውም እርሱ ነው። ሴቲቱ ከወጥ ቤት ሥራ በተረፋት ጊዜ የምትፈትለው ፈትል እንደ ሥራ ስለማይታይ በሸማው ዋጋ ውስጥ በአግባቡ አይገባም። ሸማ ብዙ ጊዜ በድካሙ ልክ የማይሸጥበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ያልተቆጠረ ድካም ነው።

አውራ አምባ የወሰደችው እርምጃ ይህንን ሥርዐት ከመሠረቱ የሚለውጥ ነበር። በመንደሯ ወንዶች ይፈትላሉ፤ ሴቶችም ይሸምናሉ። የሥራ ምደባው ጾታን ሳይሆን ችሎታንና ዝንባሌን ይከተላል። እንደዚሁም ወንዶች ምግብ ያበስላሉ፣ ሕፃናትን ይንከባከባሉ፤ ሴቶችም ያርሳሉ። ሴት በወሊድ ጊዜ የሦስት ወር ዕረፍት ታገኛለች፤ በዚህም ጊዜ ገቢዋ አይቋረጥም።

ይህ አሠራር በሽመናው ላይ ያስከተለው ውጤት ሁለት ነው። አንደኛው የሠራተኛው ቁጥር መጨመሩ ነው። በአንድ ጾታ ብቻ ተወስኖ የነበረው ሙያ ለሁሉም ክፍት ሲሆን መንደሯ ያላት የሰው ኃይል በሙሉ ወደ ምርት ገባ። ሁለተኛው ድካም የሚቆጠርበት መንገድ መለወጡ ነው። ወንድ ራሱ ተቀምጦ የፈተለ እንደሆነ ፈትል ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ ያውቃል። ያወቀውን ድካም ደግሞ እንደ ትርፍ ጊዜ ሥራ ሊቆጥረው አይችልም። የእኩልነት መርህና የምርት አሠራር በአውራ አምባ የማይነጣጠሉት ከዚህ የተነሣ ነው።

የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በ1987 ዓ.ም. በአንቀጽ 35 የሴቶችን እኩልነት ሲደነግግ በአውራ አምባ መርሁ ሥራ ላይ ከዋለ ከሃያ ዓመታት በላይ ሆኖት ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ለሁለቱም ተጋቢዎች ዝቅተኛውን የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት አድርጓል። ማኅበረሰቡ ግን በራሱ መተዳደሪያ ለሴት 19፣ ለወንድ 22 ዓመት ወስኖ ሲሠራበት ቆይቷል።

ገቢው የሚከፋፈልበት ሥርዐት

ሽመናው የሚመራው በኅብረት ሥራ ማኅበር አማካይነት ነው። በማኅበሩ የታቀፉ አባላት የሸመነውም፣ የፈተለውም፣ ወፍጮ ያንቀሳቀሰውም፣ እርሻ ላይ የዋለውም በዓመቱ መጨረሻ ከትርፉ እኩል ይካፈላሉ። በማኅበሩ ያልታቀፉ፣ በመንደሯ ግን በማኅበረሰቡ መተዳደሪያ የሚኖሩ ሌሎች አባላትም አሉ።

ከዚህ በተጨማሪ «ለወገን ደራሽ» በሚል ስያሜ የሚታወቅ የመረዳጃ ሥርዐት ተዘርግቷል። አባላት በሳምንት አንድ ቀን ሠርተው የሚያገኙት ገቢ መሥራት ለማይችሉ አረጋውያን፣ ለሕሙማንና ወላጆቻቸውን ላጡ ሕፃናት ይውላል። ጧሪ የሌላቸው አረጋውያን በተለየ ቤት ውስጥ እንክብካቤ ይደረግላቸዋል። ስለዚህ በመንደሯ የሚሸመነው እያንዳንዱ ሸማ ከሸማኔው ጓዳ አልፎ መሥራት ላልቻለው ጎረቤትም ድርሻ አለው።

ከሽመናው የተገኘው ገቢ በሂደት ለሌሎች ሥራዎች መነሻ ሆኗል። የእህልና የዘይት ወፍጮዎች፣ ሱቆች፣ እንዲሁም ለእንግዶች ማረፊያና ምግብ ቤት ተቋቁመዋል። ቤተ መጻሕፍትና የሕፃናት መማሪያም ተሠርተዋል። ዩኒቨርሲቲ ገብተው የተመረቁ ወጣቶችም ከመንደሯ ወጥተዋል። ሽመና የመንደሯ ብቸኛ የገቢ ምንጭ መሆኑ እየቀረ ቢመጣም ሌሎቹ እንዲቆሙ ያስቻለ መሠረት መሆኑ አያጠያይቅም።

ሙያው የተጋረጡበት ችግሮች

ይህ ሁሉ ሲባል የሸማ ሥራ ዛሬ በቀላሉ የሚያኖር ሙያ ነው ማለት አይደለም። በአውራ አምባም ሆነ በሌሎች የአገሪቱ አካባቢዎች የሚገኙ ሸማኔዎች የጋራ ችግሮች አሉባቸው።

የመጀመሪያው ገበያ ነው። የአገር ባህል ልብስ ጥለት በፋብሪካ ታትሞ ከውጭ አገር በርካሽ ዋጋ የሚገባ ጨርቅ በየገበያው ይታያል። ገዢው ከሩቅ ሲያየው ልዩነቱን አይለይም፤ ዋጋውን ሲሰማ ግን ወደ ርካሹ ያዘነብላል። የእጅ ሥራ የሆነውን ከፋብሪካው የሚለይ አስተማማኝ ምልክት በገበያው ውስጥ አለመለመዱ ጉዳቱን አባብሶታል።

ሁለተኛው የጥሬ ዕቃ ጉዳይ ነው። ሸማኔው የፋብሪካ ክር የሚገዛው በጥቂት በጥቂቱ፣ ብዙ ጊዜም በነጋዴ በኩል ስለሆነ የዋጋ ንረት ቀድሞ የሚደርሰው እርሱን ነው። ሁኔታው ይበልጥ የሚያስቆጨው አካባቢው ለጥሬ ዕቃውም ሆነ ለዕውቀቱ ቅርብ መሆኑ ነው። ጥጥ በምዕራብ ጎንደር ቆላማ ቦታዎች ይመረታል። ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሣ በ1950ዎቹ መጀመሪያ የተቋቋመው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሚገኘው እንዲሁም የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የጨርቃ ጨርቅና የፋሽን ቴክኖሎጂ ትምህርት የሚሰጠው ከፎገራ ሜዳ ብዙ በማይርቅ ሥፍራ ነው። በፋብሪካው፣ በተቋሙና በገጠሩ ሸማኔ መካከል ቋሚ ትስስር ቢኖር የክር አቅርቦቱም፣ የቀለም አጠቃቀሙም፣ የንድፍ ሥራውም ሊሻሻል የሚችል ነው።

ሦስተኛው የጎብኚዎች ቁጥር መቀነስ ነው። አውራ አምባ ሸማዋን ከምትሸጥባቸው መንገዶች አንዱ ወደ መንደሯ የሚመጣው ጎብኚ ነበር። በ2012 ዓ.ም. የተከሠተው የኮቪድ ወረርሽኝ ጉዞን ገታ። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት ወደ ደቡብ ጎንደር ዞን ዘልቆ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የተፈጠረው ግጭት የቱሪዝም እንቅስቃሴውን ክፉኛ ጎድቶታል። በሰላም እጦት የመንገድ መዘጋት ለሸማኔ የገበያና የክር አቅርቦት መዘጋት ማለት ነው።

አራተኛው የተተኪ ጉዳይ ነው። የተማረ ወጣት ከሸማኔ ዕቃ ፊት የሚቀመጠው ሙያው ከሌላው ሥራ ያላነሰ ገቢና ክብር ያስገኘለት እንደሆነ ነው። ይህ ካልሆነ በአንድ ትውልድ የተለመደ ሙያ በሚቀጥለው ትውልድ ሊረሳ ይችላል። አውራ አምባ ሙያውን የያዘችው ከውርስ ሳይሆን በምርጫ በመሆኑ ይህ ሥጋት በርሷ ላይ ይበልጥ ይከብዳል።

ከተሞክሮው የሚገኝ ትምህርት

የእጅ ሽመና ከገጠር እስከ ዓለም አቀፍ ገበያ ሊደርስ እንደሚችል የሚያሳዩ ምሳሌዎች አሉ። ከጋሞ ደጋማ አካባቢዎች የመጡ ሸማኔዎች በአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳን የአገር ባህል ልብስ ማዕከል አድርገዋታል። ኢትዮጵያዊቷ የዓለም አቀፍ ሞዴል ሊያ ከበደ እ.ኤ.አ. በ2007 ያቋቋመችው «ለምለም» የተሰኘ ድርጅትም በአገር ውስጥ ሸማኔዎች የተሠሩ ልብሶችን ለውጭ ገበያ አቅርቧል። የእነዚህ ምሳሌዎች ትኩረት በንድፍና በገበያ ላይ ነው። የአውራ አምባ ምሳሌ የሚጨምረው ደግሞ የሥራ አደረጃጀትን ነው።

በወረዳና በዞን ደረጃ ለሚሠሩ ኃላፊዎች ከዚህ የሚወሰዱ ቁም ነገሮች አሉ። በመጀመሪያ፣ መሬት ለሌላቸው ወጣቶች ሽመናን እንደ ሥራ ዕድል የሚያቀርብ ዕቅድ ሸማኔውን ብቻ ሳይሆን ፈታይዋንም በአባልነትና በገቢ ተካፋይነት ማቀፍ ይኖርበታል። ፈታይዋ የቀረችበት ማኅበር ከሥራው የሚበዛውን ክፍል ሳይቆጥር የተነሣ ማኅበር ነው። ሁለተኛ፣ የሽመና ዕቃ ማደል ብቻውን ውጤት አያመጣም፤ የክር አቅርቦት፣ የመሸጫ ቦታና የጥራት መለያ ምልክት አብረው መታሰብ አለባቸው። ሦስተኛ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራትን ለማደራጀት ከአዋጅ ቁጥር 147/1991 እስከ አዋጅ ቁጥር 985/2009 የወጡት ሕጎች የሚሰጡትን ዕድል ሸማኔዎች በሚገባ እንዲያውቁት ማድረግ ያስፈልጋል።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 9 የባህልና የታሪክ ቅርሶችን የመጠበቅና ለሥነ ጥበብ መስፋፋት አስተዋጽኦ የማድረግ ኃላፊነት በመንግሥት ላይ ጥሏል። የእጅ ሸማ የዚህ ቅርስ ሕያው ክፍል ነው። ቅርሱ የሚጠበቀው ግን በሙዚየም በሚሰቀል ናሙና ብቻ ሳይሆን ሠሪው ከሥራው ሲኖር ነው።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ብሂል በየስብሰባው ይነገራል። በአውራ አምባ ብሂሉ በሥራ ተተርጉሟል፤ መሬት ያጣ፣ ከጎረቤቱ የተገለለ፣ ትምህርት ያልነበረው ማኅበረሰብ ከስደት ተመልሶ በእንዝርትና በመወርወሪያ መንደሩን መልሶ አቁሟል። ይህ ጥረት በክር ዋጋ፣ በገበያ እጦትና በሰላም መታወክ እንዳይቀጭ የሚመለከታቸው አካላት ሁሉ ድጋፋቸውን ሊያጠናክሩ ይገባል።